ሞክሼ

ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሲገጥማቸው በአማርኛ «ሞክሼ» ይባባላሉ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ዘመድ ይሆናሉ። እኔ ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ባንክ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ ገንዘብ የምከፍል ሰው ነኝና፣ ተራ ሲጠብቁ የማይተዋወቁ ሁለት እናቶች ስም ስጠራ በአንድ ድምፅ «አቤት!» ብለው፣ ተያይተው ስቀው፣ «ሞክሼ!» ተባብለው ሲሳሳሙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የፊደል መምህሮቻችንም ሀን፣ ሐን እና ኀን በአንድ ረድፍ ሲያቆሟቸው «ሞክሼ ፊደላት» ነበር ያሉን። ድምፃቸው አንድ ነው፤ የመጡበት መንገድ ግን ለየራሱ ነው።

እንግሊዝኛው ይህንኑ «ኔምሴክ» ይለዋል። ሕንዳዊቷ ዳይሬክተር ሚራ ናየር እ.ኤ.አ. በ2006 ለተመልካች ያበቃችው «ዘ ኔምሴክ» የተሰኘ ፊልም ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ባለፈው ክረምት ነው። የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ ዲስክ ሰጠኝ፤ መብራት በጠፋበት ምሽት የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ አየሁት፣ ቀሪውን በማግስቱ ጨረስኩት። (ባትሪው ያለቀው አባትየው የስሙን ምስጢር ለልጁ ሊነግረው መኪና ውስጥ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አንባቢ ይገምት።)

ስለ ፊልሙ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ላስተዋውቀው ብዬ አይደለም። ባሕር ማዶ የተወለደ ልጅ ስሙን ጥሎ በሌላ ስም ሲጠራ የምንከስሰው ልጁን ነው። እኔም ከከሳሾቹ አንዱ ነበርኩ፤ ያውም በግጥም። ይህን ፊልም ካየሁ ወዲህ ተከሳሹ ሌላ ሰው ይመስለኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አሾክ ጋንጉሊ የተባለ የካልካታ ወጣት በሌሊት ባቡር ሲጓዝ የኒኮላይ ጎጎልን «ካፖርት» እያነበበ ሳለ ባቡሩ ከሐዲዱ ይወጣል። ከሬሳ መካከል ሕይወት ያለው ሰው መሆኑ የታወቀው ከመጽሐፉ የተገነጠለች ወረቀት በእጁ ጨብጦ ስለ ነበረ ነው። ድኖ ወደ አሜሪካ ይሄዳል፤ አሺማንም ያገባል። ወንድ ልጅ ሲወለድላቸው ስም የማውጣት ሥልጣኑ ካልካታ ያሉት አያት ነበር። ፊልሙ የተቀዳበት የጁምፓ ላሂሪ ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 2003 የታተመው) እንደሚተርከው፣ አያትየዋ ስሙን ጽፈው የላኩት ደብዳቤ በመንገድ ጠፍቶ ይቀራል። ሆስፒታሉ ደግሞ ስም ያልተጻፈለት ሕፃን አላስወጣም ይላል። አባትየው በጭንቅ ውስጥ ሆኖ ለጊዜው የሚሆን የቤት ስም ያወጣለታል፦ ጎጎል።

ቤንጋሎች ለአንድ ሰው ሁለት ስም ያወጣሉ። አንዱ «ዳክናም» ነው፤ ቤት ውስጥ እናትና አክስት የሚጠሩበት። ሁለተኛው «ብሃሎናም» ነው፤ በትምህርት ቤትና በመዝገብ የሚጻፍ። ደራሲዋ ራሷ ይህ ደርሶባታል፤ «ጁምፓ» የቤት ስሟ ነው፤ አሜሪካ ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ ረጅሙ የመዝገብ ስም ቢከብዳት ቀላሉን መረጠችላት፤ በዚያው ጸናና የዓለም አንባቢ በቤት ስሟ ይጠራታል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቴ ትርፌ ይባሉ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ሲያርፉ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በፍትሐቱ ላይ ካህኑ ደጋግመው «ወለተ ሥላሴ» ሲሉ ሰምቼ፣ እናቴን በነጠላዋ ጎትቼ፣ ሌላ ሰውም ሞቷል ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ። ዕድሜ ልኬን አብሬአቸው ያደርኩ አያቴን በእግዚአብሔር ፊት የሚጠሩበትን ስም የሰማሁት አስከሬናቸው ፊት ነው።

ፊልሙ ለእኛ ሰው የሚቀርብበት ሌላም ብዙ ነገር አለ። አሺማ ኒው ዮርክ በገባች ሰሞን በሳጥን ከሚሸጠው የሩዝ ቁርስ ላይ ኦቾሎኒና የሚያቃጥል ቅመም ነስንሳ ስትበላ፣ ጤፍ ባልነበረበት ዘመን በፈረንጅ ዱቄት እንጀራ ለመጋገር የታገሉት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞቻችን ትዝ አሉኝ። በልብ ወለዱ ውስጥ አሺማ ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። የእኛም የሸዋ እናቶች ባላቸውን «እሳቸው» ወይም «የእገሌ አባት» ሲሉ ኖረዋል። በአያሌ የደብረ ብርሃን ትዳሮች ውስጥ የአባወራው ስም ጮክ ብሎ የተጠራው ቀበሌ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሁሉ ያሳመመኝ ግን ስልኩ ነው። አሾክ ለሥራ ወደ ኦሃዮ ሄዶ ብቻውን ሆስፒታል ገብቶ ይሞታል፤ መርዶው ለአሺማ በስልክ፣ ከማታውቀው ሰው አፍ፣ በባዶ ቤት ይደርሳታል። ታቡ የተባለችው ተዋናይት በዚያ ትዕይንት የሠራችውን ለመግለጽ አልሞክርም። መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ለሊት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፤ የሚደግፍ ክንድ ሳይዘጋጅ ወሬው አይወጣም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉት ወገኖቻችን እንኳ፣ ሰዓት በሚቆጠርበት አገር፣ ሰውየው ከሥራ የሚያርፍበትን ቀን ጠብቀው ጠዋት በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። አሺማ ያን አላገኘችም። ልጇ ፀጉሩን ተላጭቶ ሲመጣ ያየችበት ዐይን፣ ፀጉሩን የሚላጭ ኀዘንተኛ በሚያውቅ አገር ያለ ተመልካች ያለ ትርጉም ይገባዋል።

አሁን ወደ ክሱ ልመለስ። ጎጎል አድጎ ስሙን ይጠላዋል። የአሜሪካ አይደለ፣ የሕንድ አይደለ፣ እንዲያውም የስም ስም አይደለ፤ የአንድ የታመመ ሩሲያዊ ደራሲ የአባት ስም ነው። ስለዚህ ወደ ኮሌጅ ሲገባ በሕግ ኒክሂል ይሆናል። አብዛኛው ተመልካች እዚህ ላይ ልጁን ይፈርድበታል። እኔ ግን ፊልሙን ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። አባትየው ስሙ ከየት እንደመጣ የሚናገርበት አጋጣሚ ስንት ጊዜ ነበረው? ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ የጎጎልን መጽሐፍ በስጦታ ይዞለት ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ከንፈሩ ሊከፈት ይቃጣል፤ ልጁ ሙዚቃ ላይ ነው፤ አባት መጽሐፉን ትቶለት ይወጣል። የሞተው ኢርፋን ካን (እ.ኤ.አ. በ2020 ነው ያረፈው) ያን መውጣት በትከሻው ብቻ ይጫወተዋል። በመጨረሻ ሲነግረው ስሙ ተቀይሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት አልቋል። ልጁ የጣለው ስም ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ከባቡር አደጋ የተረፈ ሕይወት መሆኑን፣ በጨበጠው ወረቀት የዳነ አባት መሆኑን ማንም አልነገረውም። ያልተሰጠውን ነገር እንዴት ይጥላል?

ፊልሙ ጉድለት የለውም አልልም። የሁለት ትውልድ ዕድሜ በሁለት ሰዓት ሲታጨቅ ልጁ ይጎዳል፤ ፈረንጇ ፍቅረኛውና በኋላ ያገባት ቤንጋሊት ሴት እንደ ባቡር መስኮት መልክዓ ምድር እያለፉ ይሄዳሉ፤ ትዳሩ ሲፈርስ ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም። ልብ ወለዱ በዚህ በኩል ይበልጠዋል። ፊልሙ የሚበልጠው በወላጆቹ ነው፤ ናየር ልጁን ወደ ጎን አድርጋ እናትና አባቱን መውደዷ ያስታውቃል። (ይህን ፊልም ለመሥራት የሃሪ ፖተርን አምስተኛ ክፍል እንደተወች፣ የመከራትም የዚያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጇ እንደነበረ ራሷ ተናግራለች። ልጁ ዞህራን ክዋሜ ማምዳኒ ነው፤ ካምፓላ ተወልዶ፣ በመካከለኛ ስሙ የክዋሜ ንክሩማህ ሞክሼ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው። በክርክር መድረክ ላይ ስሙን አበላሽቶ ለጠራው ተፎካካሪው ፊደል በፊደል አስተካክሎለታል። እሱስ የስሙ ታሪክ የተነገረው ልጅ ይመስላል።)

ስለ ግጥሙ ልናዘዝ። ታላቅ ወንድሜ በ1996 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ወደ ሜሪላንድ ሄደ። በ2003 ሴት ልጅ ሲወልድ ለእናታችን ደውሎ ስም አውጪልኝ አላት። እሷም ለአፍታ እንኳ ሳታስብ «ትርፌ በላት» አለችው። ወንድሜን ያሳደጉት አያታችን ናቸውና በስልክ ውስጥ ሲያለቅስ ሰማነው። ደብዳቤ አልጠፋም፤ ስሙ በሰላም ደረሰ። የጠፋው ኋላ ነው። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት በትምህርት ቤትም በስልኳም «ቲፋኒ» ሆና ተገኘች። እኔ አጎቷ፣ ገጣሚው፣ ተቆጣሁ፤ ቁጣዬንም በወል ቤት ደርድሬ በፌስቡክ ለጠፍኩት፦

ያያቷን ስም ጥላ በሰው ስም ያጌጠች፣
ሥር እንደሌለው ዛፍ በነፋስ ወደቀች።

ሥርና ዛፍ፣ ዛፍና ነፋስ! ስንት ገጣሚ ያኘከውን ነገር መልሼ ማኘኬ አንድ ኃጢአት ነው፤ ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ስድሳ ሰው «ወደድኩት» አለኝ። ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ አልደወለም።

ከፊልሙ በኋላ የደወልኩት እኔ ነኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ልጅቷ ስሜ ምን ማለት ነው ብላህ ታውቃለች?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ስምንት ዓመቷ ሳለ ጠይቃው እንደነበረ ነገረኝ። ከሌሊት ሥራ ገብቶ፣ ጫማውን እየፈታ፣ ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሲደክም አፉ ላይ የመጣለትን አላት፤ ከምሳ ተርፎ በዕቃ ተከድኖ ፍሪጅ የሚገባ ምግብ የሚጠራበትን ቃል። ትራፊ ማለቱ ነው። ሕፃኗ ለአምስት ዓመት ያህል ስሟ «ትራፊ» እንደሆነ እያሰበች ኖረች። ከዚያ ቲፋኒ ሆነች። እኔም ብሆን እሆን ነበር።

«አንተስ ምን ትላት ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በእኔ መሥሪያ ቤት ትርፍ ማለት በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሚጨበጨብለት ቁጥር ነው። በታክሲ ውስጥ ትርፍ ማለት ወንበር ያላገኘ ሰው ነው። ስለ አያቴ ስም ከዚህ የተሻለ የማውቀው አልነበረም፤ ግጥሙን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ ስለ መስኮቴ ጥቂት ልጨምር። ከውጭ የሚላክ ሐዋላ የሚከፈለው ላኪው የጻፈው ስም ከተቀባዩ መታወቂያ ጋር ሲገጥም ነው። «ፀሐይ»ን ልጇ በቲ ጀምሮ ይጽፋታል፣ መታወቂያዋ በኤስ ይጀምራል፤ እናት ከገጠር አራት ሰዓት ተጉዛ መጥታ በሁለት የላቲን ፊደል መካከል ትቆማለች። ወንድሜን ሜሪላንድ ውስጥ «ሚስተር» ብለው የሚጠሩት በአያታችን ስም ነው፤ ከደብረ ብርሃን ገበያ አልፈው የማያውቁ ሰውዬ በየሰኞው አሜሪካ ስብሰባ ይጠራሉ። ሚስቱ በአባቷ ስም ስለምትጠራ ትምህርት ቤቱ መጋባታቸውን እንዲያስረዱ ጠይቋቸዋል። ለእኛ ስም ማለት የትውልድ ቆጠራ ነው፤ ለእነሱ የቤት ታርጋ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሕፃን ሳትነገር ታውቀዋለች ብሎ መጠበቅ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍና የፊልም ሰዎቻችንን መውቀስ እፈልጋለሁ። ስለ ስደት ታላላቅ ሥራዎች የሉንም አይባልም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ዲናው መንግስቱ በሁለት ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አሜሪካ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል የምትገኝ ትንሽ ሱቅና ባለቤቷን ሴፋ እስጢፋኖስን ዓለም እንዲያውቃቸው አድርጓል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ነገር ግን የጤዛው አንበርብርም ሆነ ባለ ሱቁ ሴፋ አብዮት የሰበራቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ እግሩን ጀርመን ትቶ ይመለሳል፤ ሌላው አባቱን የበላውን ቀይ ሽብር ሸሽቶ ይወጣል። የዚያ ትውልድ እውነት ነው፤ ይነገር፣ ደግሞም ይነገር።

የወንድሜ ትውልድ ግን ማንም አላባረረውም። በሻንጣው በሶና በርበሬ ይዞ፣ የእናቱን ምርቃት ተቀብሎ፣ በቪዛ ነው የሄደው። ቁስሉ በጥይት የመጣ ስላልሆነ ማንም ቁስል አይለውም። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፤ ልጁ በማይገባው ቋንቋ ትስቃለች። ይህን ሰው የት አነበብነው? በአዲስ አበባ ኮሜዲዎች ውስጥ «ዲያስፖራ» ሆኖ፣ በኪራይ መኪና ሲመጣና ሲሳቅበት ብቻ ነው የማውቀው። በጤዛ ውስጥ የአንበርብር ጓደኛ ተስፋዬ ጀርመን ጥሎት ወደ አገሩ የሚመለስ ክልስ ልጅ አለ። ካሜራው አባትየውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ልጁ እዚያው ይቀራል። እኔ ማየት የምፈልገው ፊልም የዚያን ልጅ ነው። ናየርና ላሂሪ ለቤንጋሎች የሠሩላቸው ይህንኑ ነው።

ሌላም የምጨምረው አለ። በዚያ ፊልም ላይ ካልካታ ያሉት ሰዎች ደብዳቤ ላኪና ስልክ ደዋይ ብቻ አይደሉም፤ ቤታቸው ይታያል፣ ኀዘናቸው ይታያል። የእኛ ፊልም ቢሠራ ግማሹ አንኮበር መሆን አለበት። ለምን ቢሉ ዕዳው ያለው እዚያ ነውና።

መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ቅዳሜ ወደ አንኮበር ወጣሁ፤ ወደ ተወለድኩባት፣ እናቴም ወዳለችባት። ከደብረ ብርሃን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱ ግን አርባ ዓመት የሚያስረጅ ነው። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍራሽ በታች ሆኖ ቆላውን ቁልቁል ለሚያይ ሰው ስደት ሌላ ትርጉም አለው። በአንድ ወቅት እዚህ ስደተኞቹ ፈረንጆች ነበሩ። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ምኒልክ የመጣው እዚህ ነው፤ ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1887 ግመሎቹን ነድቶ እዚህ ደርሷል፤ ንጉሡን ግን እዚህ ስላላገኛቸው ወደ እንጦጦ ሄደ። (ገጣሚ ነኝ ባይ የአንኮበር ልጅ ሁሉ ራምቦን ሳይጠቅስ አያድርም፤ ይቅርታ።) ያን ጊዜ ስማቸው ያስቸገረን እነሱ ነበሩ። የአገሩ ስም ራሱ የሰው ስም ነው ይባላል፤ አንኮ የተባለች ሴት በር። አንኮ ማን እንደነበረች ልጅ ሆኜ ጠይቄ «የጥንት ሰው» ከማለት በቀር የመለሰልኝ የለም። ካልነገሯቸው ልጆች አንዱ እኔ ነኝ ማለት ነው።

እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። «እማዬ፣ አያቴን ለምን ትርፌ አሏቸው?» አልኳት።

«ዛሬ ምን አስታወሰህ?» አለችና መቁያውን ከምድጃው አወረደች። እንዲህ ብላ ነገረችኝ። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ቅድመ አያቴ ቤታቸው ተቃጥሎ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ወፍ ዋሻ ጫካ ሸሹ። አያቴ የተወለዱት እዚያው ጫካ ውስጥ ነው። በሽታ ገባ፤ ክረምቱ ሳይወጣ አራት ልጆች ሞቱ። በኋላ ቅድመ አያቴ አራስ ልጃቸውን አዝለው ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ፣ ከተቃጠለው ቤት ደጃፍ የቆሙ ጎረቤቶች ከንፈር እየመጠጡ «ምን ተረፈሽ?» አሏቸው። እሳቸውም ልጅቷን ከጀርባቸው አውርደው «ይቺው ናት ትርፌ» አሉ።

«ስሙ የወጣው ያን ዕለት ነው» አለች እናቴ። «እኔም ለወንድምህ ልጅ ስሙን ስሰጥ አያቷን ብቻ ብዬ አይደለም። ከዚያ ሁሉ ዘር በባሕር ማዶ የተረፈችልኝ እሷ ናት ብዬ ነው።»

«ይህን ለሱ ነግረሽዋል?»

«እሱ የማያውቀው ነገር ነው ብዬ መች አሰብኩ ልጄ።»

አባትየው መጽሐፉን ሰጥቶት የወጣበት ያ በር እዚህም አለ፤ አንኮበር ላይ፣ ቡና በሚጤስበት ቤት ውስጥ። የምንወደውን ነገር የሚያውቁት ይመስለናል። እናቴን መልሳ እንድትነግረኝ ለምኜ ድምፅዋን በስልኬ ቀዳሁ፤ አራት ደቂቃ ከምናምን ሆነ። በመካከሉ ዶሮ ይጮኻል፣ እናቴም ዶሮዋን ታባርራለች፤ አልቆረጥኩትም። በቴሌግራም ለወንድሜ ላክሁት።

ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ደወለ። ልጅቷን አስቀምጦ እያቆመ፣ እየተረጎመ አሰማት፤ አንዳንዱን ቃል ሳይችልበት ቀርቶ በእጁ እያሳየ። ስሟን መለሰች ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ መጠየቅም ያለብኝ አይመስለኝም። ቲፋኒ ሆና ብትቀርም የምትጥለውን ዐውቃ ነው። ግጥሜን ግን በዚያው ሌሊት ከፌስቡክ አነሳሁት።

«አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ አልመለስኩላትም» አለኝ ወንድሜ። «የሞቱት አራቱ ስማቸው ማን ነበር? ትላለች።»

ለእናቴ ደወልኩ። የሁለቱን ታውቃለች፤ ጌጤና ተክሌ። ሦስተኛይቱን ሰምታ ነበር፣ ረሳቻት። «አራተኛውስ?» አልኳት። «አራተኛው መንታዋ ነበር» አለች። «አርባ ቀኑ ሳይደርስ ነው የሞተው። ክርስትና አልተነሣም፣ ስም የለውም።»

ይህንንም በድምፅ ቀድቼ ላክሁ። ወንድሜ «ስም የለውም» የሚለውን እንዴት አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ እንደሚመልሰው ጠየቀኝ። እንዳይመልሰው፣ የእማዬን ድምፅ እንዳለ እንዲያሰማት ብቻ ለመንኩት።